መሬቱን ያልብሱት፣ ዛፉን አይቅበሩት

ጓሮና ደጅ፦ ሳምንታዊ ዓምድ



ብርዱ ለቀቅ ሲል በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት መንደሮች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ በየደጁ ቡኒና ጥቁር ኮረብታ ይቆማል። የጭነት መኪና አራግፎት የሚሄደው የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት ነው። ማልች ይሉታል። ጎረቤት ሲያለብስ እኛም እናለብሳለን፤ ጎረቤት ቀይ ከመረጠ እኛም ቀይ እንገዛለን። ለምን እንደሚደረግ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ሲበዛስ ምን እንደሚያጠፋ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው።

ለነገሩ ማልች ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ስምም አለው። አገር ቤት የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው ሲያስተምሩ «ጉዝጓዝ» ይሉታል። ቃሉን ደግሞ ሁላችንም ከቤታችን እናውቀዋለን። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር የሚነጠፈው፣ ለበዓል ወለሉን የምናለብሰው ቄጠማ ጉዝጓዝ ነው። ጥሩ ጉዝጓዝ ምን እንደሚመስልም ማንም አይነግረንም፤ ሳሳ ብሎ ወለሉን ሁሉ ይሸፍናል እንጂ አንድ ጥግ ላይ አይከመርም። ለአበባ መደብም ሕጉ ይኸው ነው፤ ሳሳ፣ ሰፋ፣ ከግንድ ራቅ።

ይህን ሕግ የሚያፈርሱ ሁለት ዓይነት ጥፋቶች በደጃችን ይታያሉ። አንዱ መሬቱን አራቁቶ መተው ነው። ሌላው ዛፉን እስከ ጉልበቱ መቅበር ነው።

የተጠረገ ደጅ

እናቶቻችንና አባቶቻችን ከአገር ቤት ሲመጡ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው ደጁ ላይ ነው። ቅጠሉን ይለቅማሉ፣ አፈሩን ይኮተኩታሉ፣ ይጠርጋሉ። የተጠረገ ደጅ የጨዋ ቤት ምልክት ነውና አይፈረድባቸውም። በደጋው አገራችን ጭዱ ለከብት፣ እበቱም ኩበት ሆኖ ለማገዶ ስለሚውል፣ ከመኸር በኋላ እርሻው ራቁቱን ይቀራል፤ ዓይናችንም ይህንኑ ለምዷል። ነገር ግን አገራችን ሁሉ እንዲህ አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ የእንሰት ጓሮ ያየ ሰው፣ ፍጉና ቅጠሉ ተመልሶ ከእንሰቱ እግር ሥር እንደሚገባ ያውቃል። ከጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡናም የረገፈ ቅጠል ለብሶ ነው የሚያድገው።

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በብዙው ሠፈር ያለው አፈር ቀላ ያለ ሸክላ ነው። አዳዲስ ቤቶች በተሠሩበት ቦታማ ሠሪዎቹ የላዩን ለም አፈር ገፍፈው ስለሚሄዱ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እርሱ ብቻ ነው። ይህ አፈር ራቁቱን ሆኖ ዝናብ ሲመታው ፊቱ እንደ ምርጊት ይለሰናል፤ ውሃውም ወደ ሥር መግባቱን ትቶ ወደ መንገዱ ይፈሳል። ጁላይ ሲመጣ ደግሞ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል።

ጉዝጓዝ ሲለብስ ነገሩ ይለወጣል። የዝናቡ ጠብታ ኃይሉ በጉዝጓዙ ላይ ይበርዳል። የገባው ውሃ ቶሎ አይተንም። ሥሩ በበጋ አይቃጠልም፣ በብርድ ጊዜም በአንዴ አይቀዘቅዝም። ለመብቀል ብርሃን የሚሻው የአረም ዘር ብርሃኑን ያጣል። ጉዝጓዙ ከሥር ከሥሩ ሲበሰብስም የመሬት ትሎች እየጎተቱ ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ሸክላውን ያለ ዶማ የሚያርሱልን እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ማልች የደጅ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የመሬት ልብስ ነው።

ጊዜው መቼ ነው?

መቸኮልም መዘግየትም ዋጋ አለው። መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ማርች ላይ ቢያለብሱት ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ብርድ ልብስ የሞቀውን እንደሚያቆይ ሁሉ የበረደውንም ያቆያል። በየዓመቱ ከመሬት የሚወጡት አበቦች ይዘገያሉ፤ የት እንዳሉ ሳያዩም ቡቃያቸውን ይደፍኑታል። ጁን ከገባ ደግሞ አረሙ ቀድሞ ወጥቷል፤ የጸደዩም እርጥበት ተንኗል።

በዋሽንግተን አካባቢ ጥሩው ጊዜ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ነው። ዳላስና አትላንታ ያላችሁ አንድ ወር ያህል ትቀድማላችሁ፤ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ እስከ ሜይ ማብቂያ ብትጠብቁ አይከፋም። ፋሲካን ምልክት ማድረግ ግን አያዋጣም፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከኤፕሪል 4 እስከ ሜይ 8 ባሉት ቀናት መካከል ወዲያና ወዲህ ይላልና። ምልክቱ መሬቱ ራሱ ነው። አበቦቹ ብቅ ብለው ቦታቸው ሲታወቅ፣ አፈሩን በእጅ ሲጨብጡት ቅዝቃዜው ሲለቅ፣ ያን ጊዜ ነው።

ከማልበስ በፊት

መጀመሪያ አረሙን ይንቀሉ። ጉዝጓዝ ገና ያልበቀለውን ዘር ያፍናል እንጂ ሥር የሰደደውን አይገድልም። የሰርዶን ነገርማ አያንሡት። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ሜሪላንድን ብታይ ኖሮ ሐሳቧን ትለውጥ ነበር፤ ሰርዶ እዚህም አለ፣ 3 ኢንች ማልች ሰንጥቆም ይወጣል። እርሱን ከነ ሐረጉ ተከታትሎ ከመንቀል በቀር መላ የለውም።

ሁለተኛ፣ ያምናውን ጉዝጓዝ ይመልከቱ። ጣትዎን ሰደው ምን ያህል እንደቀረ ይለኩ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ በላዩ ላይ ይጨምራል። በዚህ ዓይነት 4 ዓመት የለበሰ መደብ ግማሽ ጫማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሥሩም አየር አጥቶ ይታፈናል። አሮጌው ፊቱ ተጋግሮ ውሃ የማያስገባ ከሆነ በመቧጠጫ ያላሉት።

ሦስተኛ፣ የመደቡን ጠርዝ በአካፋ 3 ወይም 4 ኢንች ያህል ቁልቁል ይቁረጡት፤ ሣሩ እንዳይገባ፣ ጉዝጓዙም በዝናብ እንዳይወጣ ያግዳል። አራተኛ፣ መሬቱ ደረቅ ከሆነ አስቀድመው ያጠጡት። ደረቅ መሬት ላይ ደረቅ ጉዝጓዝ ሲነጠፍ የመጀመሪያውን ዝናብ ጉዝጓዙ ራሱ ይጠጣዋል።

ከሥሩ የሚነጠፈውን ጥቁር የአረም መከላከያ ጨርቅ ግን ለአበባ መደብ ባይገዙት ይሻላል። አንድ ሁለት ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ በላዩ ላይ አፈር ይጠራቀምና አረሙ እዚያው ይበቅላል፤ ሥሩ ከጨርቁ ጋር ሲተሳሰር ደግሞ መንቀያ የለውም። የበሰበሰው ጉዝጓዝም ከአፈሩ ጋር እንዳይገናኝ መካከል ገብቶ ይከለክላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

ለአበባ መደብ 2 ኢንች፣ ቢበዛ 3 ኢንች ይበቃል። ስንት ልግዛ ለሚለው ሒሳቡ ቀላል ነው። የመደቡን ርዝመትና ስፋት በጫማ ለክተው ያባዙ፤ ያን በሚፈልጉት ኢንች ያባዙና ለ 324 ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር የሚያስፈልግዎ ኪዩቢክ ያርድ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ከቤቱ ፊት 20 በ 5 ጫማ፣ ከጎን ደግሞ 30 በ 4 ጫማ የሆነ መደብ አለዎት እንበል። የመጀመሪያው 100፣ ሁለተኛው 120፣ በድምሩ 220 ካሬ ጫማ ነው። ይህን በ 2 ኢንች ለማልበስ 1.4 ኪዩቢክ ያርድ ገደማ ያስፈልጋል። በከረጢት ከገዙ ባለ 2 ኪዩቢክ ጫማው 19 ከረጢት ይሆናል። ካምናው 1 ኢንች ከቀረልዎ ግን የሚጨምሩት 1 ኢንች ብቻ ስለሆነ 10 ከረጢት ይበቃዎታል። የቀረው ገንዘብ ከኪስዎ አልወጣም ማለት ነው። ጣት ሰዶ መለካት ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

እርጥብ ማልች ከባድ መሆኑንም አይርሱ። ከረጢቱን ለሽማግሌ አያሸክሙ፤ በባልዲ ከፋፍሎ መውሰድ ወገብ ያድናል።

ዛፉን አይቅበሩት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በየመንገዱ ዳር፣ በየታውንሃውሱ ደጅ፣ በየገበያ ማዕከሉ የመኪና ማቆሚያ፣ ማልች ግንዱን ከብቦ እንደ ጉልላት ተከምሮ ታያላችሁ። አናቱ ላይ ዛፍ የተሰካበት ተራራ ስለሚመስል ባለሙያዎቹ «የማልች እሳተ ገሞራ» ይሉታል። ንጹሕ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ስላደረገውም ትክክል ይመስላል። ዛፍ የሚገድል ሥራ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሥር ቆዳ እርጥበት ውስጥ ለመኖር የተሠራ ነው፤ የግንድ ቅርፊት ግን አየርና ፀሐይ ለማየት የተሠራ ነው። ግንዱ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ማልች ሲደገፍ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል፣ ለፈንገስና ለነፍሳት በር ይከፍታል። በብርድ ጊዜ አይጦች በሙቀቱ ውስጥ ተሸሽገው ቅርፊቱን ዙሪያውን ይግጡታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሥሩ ነገር ነው። አየር ፍለጋ ወደ ላይ፣ ወደ ክምሩ ውስጥ ያድጋል፤ እዚያም ግንዱን እየዞረ ይጠመጠማል። ዛፉ ሲወፍር ሥሩም ይወፍራል፤ በመጨረሻ ዛፉን የገዛ ሥሩ ያንቀዋል።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይታይም። 5 ዓመት፣ 10 ዓመት ይፈጃል። ቅጠሉ መሳሳት ይጀምራል፤ በመስከረም ከሌሎቹ ቀድሞ ይቀላል፤ ከጫፍ ከጫፉ ይደርቃል። ባለቤቱ «በሽታ ነው» ይላል፣ «ድርቅ ነው» ይላል። ገዳዩ ግን በየጸደዩ በገንዘብ ተገዝቶ፣ በገንዘብ ተከምሮ የመጣ ነው። ስንቱ ወገናችን ነው ቤት በገዛ ዓመት፣ ልጁን ክርስትና ባስነሣ ሰሞን ለመታሰቢያ የቼሪ ወይም የሜፕል ችግኝ የተከለው? ልጁ ኮሌጅ ሳይገባ ዛፉ ከሞተ፣ ማስቆረጫው ከመትከያው እጅግ የበለጠ ነው፤ ጥላውን ደግሞ በገንዘብ አይመልሱትም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ጤነኛ ዛፍ ከመሬት ሲወጣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ አይደለም፤ ሥሩ የሚጀምርበት ቦታ ሰፋ ይላል። ያ ሰፊው የዛፉ እግር ምንጊዜም መታየት አለበት። ከእርሱ ዙሪያ ቢያንስ ከ 3 እስከ 6 ኢንች ባዶ ይተዉ። ከዚያ ወዲያ ጉዝጓዙን 2 ወይም 3 ኢንች አድርገው፣ እንደ ጉልላት ሳይሆን እንደ ምጣድ ዘርጋ አድርገው ያንጥፉት። ወደ ጎን በሰፋ መጠን ጥሩ ነው፤ ቅርንጫፉ ጥላ እስከሚጥልበት ቢደርስ ዛፉ ይመርቅዎታል። ለጽጌረዳና ለአዜሊያም ከግንዱ ጥቂት ማራቅ ነው ሕጉ።

ሥራውን ለሌላ ሰው የሚሰጡ ከሆነ ሠራተኞቹ ሳይጀምሩ ይንገሯቸው፤ «2 ኢንች፣ ከግንዱ የራቀ» ብለው ውሉ ላይ ያስጽፉ። እነርሱ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት፤ ሰው ሁሉ ክምር ስለሚፈልግ ክምር ይከምራሉ። የሠፈሩን ዛፎች የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ከሆነም በስብሰባ ላይ ማንሣት ነው። ሁልጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀባይ ብቻ ለምን እንሆናለን?

የቱን ልግዛ?

የተፈጨ የጠንካራ እንጨት ቅርፊት ተዳፋት ላይ ይያያዛል፣ በዝናብ አይሄድም። የፓይን ቅርፊት ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፣ ለሜዳ መደብ ጥሩ ነው። ዛፍ ቆራጮች የሚፈጩት ስብርባሪም ለዛፍና ለቁጥቋጦ ተስማሚ ነው። «ትኩስ እንጨት የአፈሩን ናይትሮጅን ይመጥጣል» የሚባለው ከአፈር ጋር ቢደባለቅ ነው፤ ከላይ ሲነጠፍ ለተተከለው ዛፍ አያሳስብም። በመጸው የረገፈውን ቅጠል በሣር ማጨጃው ላዩ ላይ ነድተው ካደቀቁት ደግሞ ያለ ወጪ ጥሩ ጉዝጓዝ ይሆናል። ፌርፋክስና አርሊንግተን ካውንቲዎች ከዛፍና ከቅጠል የተሠራ ማልች ለነዋሪው በነጻ ይሰጣሉ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ደውሎ መጠየቅ ነው።

ቀለም የተቀባው ቀይና ጥቁርስ? አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው ቀለሙ ሳይሆን እንጨቱ ነው፤ ከፈረሰ ቤትና ከአሮጌ የዕቃ መጫኛ የተፈጨ ሊሆን ይችላል። አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት የተነከረ እንጨት በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት መመረቱ የቆመው በ2003 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ በረንዳዎች ግን ዛሬም እየፈረሱ ናቸው። ከረጢቱ ላይ የማልች ኤንድ ሶይል ካውንስል ማረጋገጫ ካለ እንዲህ ያለ እንጨት የለበትም ማለት ነው። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ከካካዎ ገለባ የሚሠራውን አይግዛ፤ በቸኮሌት ውስጥ ውሻን የሚመርዘው ነገር እርሱም ውስጥ አለ።

ሲራገፍ ያሽትቱት። የደህና ማልች ሽታ የዱር እንጨት ወይም የአፈር ሽታ ነው። እንደ ኮምጣጤ ወይም እንደ አሞኒያ የሚሰነፍጥ ከሆነ ክምሩ ውስጥ አየር አጥቶ ኮምጥጧል፤ በዚያው ቢነጠፍ ቅጠል ያቃጥላል። በሳሱ በትነው፣ ውሃ አጠጥተውና እያገላበጡ ጥቂት ቀን ቢያናፍሱት ይመለሳል።

ከቤቱ ግድግዳ 6 ኢንች ያህል ማራቅም አይርሱ፤ ምስጥ እርጥበትና ጨለማ ይወዳል። የሰደድ እሳት በሚያሰጋው በካሊፎርኒያማ እስከ 5 ጫማ ድረስ ከእንጨት ጉዝጓዝ ይልቅ ጠጠር ይመከራል። ነጭ ግድግዳዎ ላይ ወይም መኪናዎ ላይ እንደ ሬንጅ ጠብታ የተጣበቁ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካዩ፣ ማልች ላይ የሚበቅል ፈንገስ ወደ ብርሃን የወረወራቸው ናቸው። «የመድፍ ፈንገስ» ይሉታል፤ ነጥቦቹ በቀላሉ አይለቁም። የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 40 በመቶ ያህል የእንጉዳይ ኮምፖስት ከማልቹ ጋር ቢደባለቅ እንደሚገታው አሳይተዋል፤ ትልልቁ የፓይን ቅርፊትም ይሻላል። ከዝናብ በኋላ የሚታየው ቢጫ፣ ትውከት መሳይ ነገር ግን ዓይን ያስቀይማል እንጂ አይጎዳም፤ በአካፋ አንሥቶ መጣል ነው።

ለጎመኑና ለጤና አዳሙ

ለጎመን፣ ለቃሪያና ለቲማቲም የእንጨት ማልች አይመረጥም፤ በየዓመቱ ስለሚኮተኮት ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ለእነርሱ ጭድ ወይም የደቀቀ ቅጠል ይሻላል። ዘር የያዘ ድርቆሽ ግን አረም መዝራት ነው። የታጨደ ሣርም ይሆናል፤ ሣሩ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ያልተረጨ መሆኑን አረጋግጠው፣ ሳሳ አድርገው ከሆነ ነው። ቃሪያና ቲማቲም ሙቅ መሬት ስለሚወዱ እስከ ሜይ መጨረሻ ይጠብቁ። ቲማቲም ጉዝጓዝ ሲኖረው ዝናቡ አፈሩን ከነበሽታው ወደ ቅጠሉ አይረጨውም።

ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል እግራቸው ሲረጥብ አይወዱም፤ ከሥራቸው ጠጠር ይበቃቸዋል። ከደጁ አንድ ጥግ ፀሐይ የሚያገኘውን መሬትም ባዶውን ይተዉት። እዚህ አገር ካሉት የዱር ንቦች ብዙዎቹ ጎጇቸው መሬት ውስጥ ነው፤ ሁሉን ከሸፈንንባቸው መግቢያ ያጣሉ።

ጥያቄ ያለው ሰው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽንን ወይም የቨርጂኒያ ኮኦፐሬቲቭ ኤክስቴንሽንን ቢጠይቅ ያለ ክፍያ ምክር ያገኛል። አሠራሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ከኦክላሆማው ኮሌጅ ጋር በ1952 እ.ኤ.አ. በተደረገ ውል ሲመሠረት፣ የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማድረስም ከሥራው አንዱ ነበር። እዚህም የሚከፈለው በግብራችን ነውና መጠየቅ ልመና አይደለም።

በዚህ ቅዳሜ ሌላው ሥራ ባይመችዎ እንኳ አንዲት ነገር ያድርጉ። ከደጅዎ ዛፍ ሥር በርከክ ብለው ማልቹን በእጅዎ ከግንዱ ይሳቡ፤ ሰፊው እግሩ እስኪታይ ድረስ። የተጠመጠመ ቀጭን ሥር ካገኙ በመቀስ ይቁረጡት፤ የወፈረውን ግን ባለሙያ ሳያየው አይንኩ። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የሳቡትንም ዙሪያውን ሲበትኑት ዘንድሮ ማልች መግዛት ላያስፈልግዎ ይችላል።

ቸር ይግጠመን።